የአብዮት ድራማ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያልቅበትን ይጠይቁ

«ጆን አዳምስ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ሁለተኛ ክፍል ላይ አንድ ጸጥ ያለ ትዕይንት አለ። ቀኑ ጁላይ 2፣ 1776 ነው። ፊላደልፊያ ላይ የተሰበሰቡት የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ከእንግሊዝ ንጉሥ ለመለየት ድምፅ ሰጥተዋል፤ ቆጠራው አልቋል፤ ነፃነት ጸድቋል። ማንም አያጨበጭብም። ማንም ተነሥቶ አይተቃቀፍም። ሰዎቹ ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ ይተያያሉ። ያደረጉት ነገር በንጉሡ ሕግ ክህደት መሆኑን፣ የክህደት ቅጣትም ሞት መሆኑን ያውቃሉና።

የአብዮት ድራማዎችን በሌላ ዐይን ማየት የጀመርኩት ከዚህ ዝምታ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የምመርጠው እንደ ብዙ ሰው ነበር፤ የትኛው ጦርነት ይደምቃል፣ የትኛው አልባሳት ያምራል፣ የትኛው ተዋናይ አለበት እያልኩ። አሁን ግን የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የት ላይ ያልቃል?» የሚል ነው። አብዮቱ ድል በተቀዳጀበት ምሽት የሚዘጋ ድራማና ከድሉ በኋላ ያሉትን ሃያ ሠላሳ ዓመታት የሚከተል ድራማ የሚያስተምሩት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ሰዎች ለምን እንደሚነሡ ያሳያል። ሁለተኛው የተነሡት ሰዎች ምን እንደሆኑ ያሳያል። በሽንፈት የሚያልቅም አለ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ፈጠራው ነው። ታሪካዊ ድራማ ሁሉ ይፈጥራል፤ ያለዚያ ድራማ አይሆንም። ነገር ግን ሰውን ፈጥሮ ሁነቱን እንዳለ የሚተው አለ፤ የሰውን ስም እንዳለ ትቶ ሁነቱን የሚፈጥርም አለ። እኔ የመጀመሪያውን ሁልጊዜ እመርጣለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ድራማዎች ያወዳደርኩት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻቸውንም እናገራለሁ፤ ታሪኩ በመጻሕፍት ያለ በመሆኑ የሚደበቅ ነገር የለውምና።

ማግስቱን ማየት ለሚፈልግ፦ «ጆን አዳምስ»

የአሜሪካው ኤችቢኦ በ2008 ያቀረበው ሰባት ክፍል ብቻ ያለው ድራማ ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ ከስምንት ሰዓት ብዙም አያልፍም። መነሻው ዴቪድ ማክሎክ የጻፈው የሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆን አዳምስ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ዳይሬክተሩ ቶም ሁፐር፣ ዋናዎቹ ተዋንያን ፖል ጂያማቲና ሎራ ሊኒ ናቸው። በዚያው ዓመት 13 የኤሚ ሽልማት አግኝቷል።

ድራማው የሚጀምረው ቦስተን ላይ፣ በ1770 የክረምት ሌሊት፣ በረዶ ላይ በፈሰሰ ደም ነው። የእንግሊዝ ወታደሮች ሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰው ሞቷል። ጠበቃው አዳምስ፣ ከተማው ሁሉ የሚጠላቸውን ወታደሮች ቆሞ ይሟገትላቸዋል። ስለ አብዮት የሚተርክ ሥራ ሕግን ከሕዝብ ቁጣ ፊት በሚያቆም ሰው መጀመሩ ድፍረት ነው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሕዝቡ አንድን የጉምሩክ ሹም ገፍፎ ትኩስ ዝፍት ሲያፈስበት፣ ላባ ሲነሰንስበት፣ እንጨት ላይ አንፈራጦ ሲያንገላታው እናያለን። አዳምስ ፊቱ ተለዋውጦ ያያል። ዘመዱ ሳሙኤል አዳምስ አይከለክልም።

እዚህ ላይ ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጆን አዳምስ እንዲህ ያለ ድርጊት ቆሞ እንዳየ የሚያሳይ መዝገብ የለም፤ ሳሙኤል አዳምስም ለእንዲህ ዓይነቱ ድርጊት ድጋፍ ይሰጥ የነበረ ሰው አይደለም። ችሎቱም ተቃንቶ ነው የቀረበው። በድራማው ሁሉም ወታደሮች በአንድ ችሎት ነፃ ይወጣሉ። በእውነቱ የወታደሮቹ አዛዥ ሻምበል ፕሬስተን ለብቻው፣ ወታደሮቹም ለብቻቸው ነበር የተዳኙት፤ ከስምንቱ ወታደሮች ሁለቱ ሆን ብለው ሳይሆን በመግደል ጥፋተኛ ተብለው አውራ ጣታቸው በጋለ ብረት ተተኩሶ ነው የተለቀቁት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአዳምስ ድል ከእውነቱ ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ቀርቧል።

ታዲያ ለምን አስቀድሜ አነሣሁት? ከሰባቱ ክፍሎች ግማሽ ያህሉ ከነፃነት በኋላ ስለሚሆኑ ነው። አዳምስ በ1785 የመጀመሪያው የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ፣ ያመፀበት ንጉሥ ጊዮርጊስ ሦስተኛ ፊት ቀርቦ እጅ ይነሣል። ሁለቱ ሰዎች ምን እንደሚባባሉ ግራ ሲገባቸው ካሜራው አይቸኩልም። ከዚያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሥራ ሲያጣ፣ ፕሬዚዳንት ሆኖ ከገዛ ጓዶቹ ጋር ሲቃቃር፣ ተሸንፎ ወደ እርሻው ሲመለስ እንከተለዋለን። ያላለቀው የፕሬዚዳንቱ ቤት ሲደርሱ፣ ቤቱን የሚሠሩት ባሪያዎች መሆናቸውን ሚስቱ አቢጌል በዐይኗ ታያለች። የነፃነት ሰነድ ከተፈረመ 24 ዓመት ሆኖታል። ድራማው እዚህ ላይ ንግግር አያሰማም፤ የእሷን ፊት ብቻ ያሳያል።

አቢጌል ራሷ የድራማው ግማሽ አካል ናት። ባሏ ፊላደልፊያ ላይ ስለ ነፃነት ሲከራከር እሷ ቤት ከልጆቿ ጋር የፈንጣጣ ወረርሽኝ ይጠብቃታል። ሐኪሙ ፊቱ በፈንጣጣ የተሸፈነ በሽተኛ በጋሪ ይዞ ይመጣል። ከቁስሉ ላይ መግል በስለት ይወስድና የእናቲቱን ክንድ በጥቶ ያኖርበታል። ያኔ ክትባት ማለት ይህ ነበር። በ1776 ልጆቿን ይዛ መከተቧ እውነት ነው፤ ያደረገችው ግን ቦስተን ሄዳ ነው። አብዮት በአዳራሽ ውስጥ ብቻ እንዳልተካሄደ ከዚህ ትዕይንት በላይ ያስረዳኝ የለም።

በመጨረሻው ክፍል ሽማግሌው አዳምስ የሠዓሊ ጆን ትረምቡልን ትልቅ ሥዕል ሲያይ ይቆጣል። ሥዕሉ የነፃነቱን ሰነድ መቅረብ የሚያሳይ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ተሰብስበው፣ ሁሉም ግርማ ለብሰው የሚታዩበት ነው። እንዲህ ያለ ቅጽበት አልነበረም ይላል። ድራማው በራሱ አንደበት ስለ ራሱ ሥራ ጭምር ሲያስጠነቅቅ ይሰማኛል። አዳምስና የነፃነቱን ሰነድ የጻፈው ቶማስ ጄፈርሰን የሞቱት በአንድ ቀን፣ ጁላይ 4፣ 1826፣ ልክ በ50ኛው ዓመት ነው። ይህ ከልብ ወለድ የተወሰደ ቢመስልም እውነት ነው።

የሚጎዳው ነገር ዘገምተኛነቱ ነው። ካሜራውም ብዙ ጊዜ ያዘነብላል፤ አንዳንዱን ተመልካች ይረብሻል። የፖለቲካ ክርክር መስማት የማይወድ ሰው ሦስተኛው ክፍል ላይ ሊያቋርጥ ይችላል።

ሽንፈት ለሚያስተምረው፦ የኮሪያው «የማሾ አበባ»

በኮሪያ ቋንቋ ስሙ «ኖክዱክኮት» ነው። ኖክዱ ማለት ማሾ ነው። በ1894 የኮሪያን ገበሬዎች ያስነሣው ጆን ቦንግጁን ቁመቱ አጭር ስለነበር ሕዝቡ «የማሾው ጄኔራል» ይለው ነበር። ከሞተ በኋላ ስለ ማሾ ማሳና ስለ ሰማያዊ ወፍ የሚያንጎራጉሩት የሕዝብ ዜማ እስከ ዛሬ ይዘመራል። ኤስቢኤስ የተባለው ጣቢያ በ2019 ያቀረበው ይህ ድራማ 48 ክፍል አለው፤ ግን እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሆነ በቁጥሩ አይደንግጡ። ጠቅላላው ከ24 እስከ 28 ሰዓት ቢወስድ ነው።

ታሪኩ የሚነሣው ጎቡ ከምትባል የደቡብ ምዕራብ ኮሪያ ወረዳ ነው። ሹሙ ጆ ብዮንግጋፕ ገበሬውን ያለ ደመወዝ ግድብ አሠርቶ፣ ግድቡ ሲያልቅ ደግሞ የውኃ ግብር ጣለበት። ይህ ሹም የፈጠራ ሰው አይደለም፤ ግብሩም የፈጠራ አይደለም። የዓመፁ ክብሪት የተጫረው በዚህ ነው። ፈጠራው ያለው ከሹሙ ሥር ባለው የጸሐፊው ቤት ነው። ጸሐፊው ሁለት ልጆች አሉት። አንዱ ከአገልጋይ የተወለደው ባክ ኢጋንግ፣ የአባቱን ዱላ ተሸክሞ ገበሬውን የሚያስፈራራ፣ ሰው በስሙ እንኳ የማይጠራው ነው። ሌላው ከሕጋዊ ሚስት የተወለደው ባክ ኢህዮን፣ ጃፓን አገር ተምሮ የመጣ፣ አገሩ በሥልጣኔ ትለወጣለች ብሎ የሚያምን፣ ወንድሙንም ከልቡ የሚወድ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ማንም አስቀድሞ አይገምተውም። ደብዳቢው ወንድም የገበሬዎቹ ተዋጊ ይሆናል፤ የተማረው ወንድም ደረጃ በደረጃ ወደ ጃፓኖች ጎን ይንሸራተታል። እንዲህ ያለው የቦታ መለዋወጥ በሌላ ደራሲ እጅ ርካሽ ጨዋታ ይሆን ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው። በመጀመሪያው ዓመፅ ጆን ቦንግጁን ኢጋንግን አይገድለውም፤ የሚደበድብበትን እጁን በጩቤ ይወጋዋል። ያቺ እጅ እስከ መጨረሻው ድረስ አብራው ትኖራለች፤ ሲተኩስ፣ ሲበላ፣ ወንድሙን ሲይዝ ትታያለች። ኢህዮን ደግሞ በክፋት አይደለም የሚወድቀው፤ በተዋረደ ቁጥር የሚያምነው ሥልጣኔ ከሰው ይልቅ እየበለጠበት ይሄዳል። በአብዮት ድራማ ውስጥ ከዳተኛን እንዲህ አስረድቶ ያቀረበ ሌላ አላየሁም።

ሦስተኛዋ ሰው ነጋዴዋ ሶንግ ጃኢን ናት። መጀመሪያ ጦርነት ማለት ለእሷ የሩዝ ዋጋ ነው። የምትለወጠውም በስብከት ሳይሆን ሒሳቧን ሠርታ ስትጨርስ ነው።

ገበሬዎቹ ጆንጁ ከተማን ሲይዙ መንግሥት የቻይናን ጦር ጠራ፤ ቻይና ስትመጣ ጃፓንም መጣች፤ የቻይናና የጃፓን ጦርነት የተጀመረው ከዚህ ነው። ድራማው ይህን የተጠላለፈ ነገር ግልጽ አድርጎ ያስረዳል፤ ስለ ዘመኑ ምንም የማያውቅ ሰው ሳይጠፋ ይከተለዋል። በዓመቱ መጨረሻ ኡግምቺ በተባለ ኮረብታ መተላለፊያ ላይ፣ አብዛኛው የቀርከሃ ጦርና አሮጌ ጠመንጃ የያዘ ገበሬ ዘመናዊ መሣሪያ በታጠቀ የጃፓንና የመንግሥት ጦር ተደመሰሰ። ጆን ቦንግጁን ተይዞ በ1895 ተገደለ። በቃሬዛ ተቀምጦ ወደ ካሜራ ቀጥ ብሎ የሚያይበት ፎቶግራፍ ዛሬም አለ፤ ድራማውም ያንን ዕይታ በሚገባ ተጠቅሞበታል።

ይህ እንግዲህ ሰውን ፈጥሮ ሁነቱን እንዳለ የተወ ድራማ ነው። ወንድማማቾቹ አልነበሩም፤ ግድቡ፣ ግብሩ፣ ኮረብታው፣ ፎቶግራፉ ነበሩ። ከሁሉም ውስጥ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ድክመቱ በመሀል ላይ ነው፤ የፍቅር ታሪኩ አንዳንዴ የጦርነቱን ፍጥነት ይይዘዋል፣ ሙዚቃውም ማልቀስ ያለብንን ቦታ እየቀደመ ይነግረናል። ሰቆቃ ያለበት ሥራ ስለሆነ ለልጆች አይሆንም።

ለአምስት ምሽት፦ የአየርላንዱ «ሪቤሊየን»

የአየርላንድ ብሔራዊ ጣቢያ በ2016፣ አየርላንዳውያን በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ያነሡት የፋሲካው ዓመፅ 100ኛ ዓመት ሲከበር ያቀረበው አምስት ክፍል ድራማ ነው። ጊዜ የሌለው ሰው ከዚህ ይጀምር።

ዓመፁ ኤፕሪል 24፣ 1916 ሰኞ ተጀምሮ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አበቃ። ዓመፀኞቹ ደብሊን መካከል ያለውን ዋናውን ፖስታ ቤት ያዙ፤ ሪፐብሊክ አወጁ፤ የእንግሊዝ መድፍ ሕንፃውን አቃጠለው። ከሞቱት ከ400 በላይ ሰዎች የሚበዙት ሲቪሎች ነበሩ። ድራማው መሪዎቹን ፒርስንና ኮኖሊን ወደ ዳር ገፍቶ ሦስት ወጣት ሴቶችን መካከል ላይ ያስቀምጣል። አንዷ የሕክምና ተማሪ ናት፣ አንዷ አስተማሪ፣ አንዷ ደግሞ በእንግሊዝ አስተዳደር ቢሮ ጸሐፊ። ሦስቱም የፈጠራ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ መሪዎቹ ላይ ያልተባለ ቃል ብዙ አይለጠፍም። አንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ወንድም ከዓመፀኞቹ ጋር፣ ሌላው በእንግሊዝ ጦር የደንብ ልብስ ውስጥ መገኘቱም ለዘመኑ እውነት ነው። በዚያ ዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ አየርላንዳውያን በአውሮፓ ጦር ግንባር ለእንግሊዝ ይዋጉ ነበርና።

ጥንካሬው ሕዝቡ ከዓመፀኞቹ ጋር እንዳልነበር መናገሩ ነው። የታሰሩት በደብሊን ጎዳና ሲያልፉ ብዙ ሰው ሰድቧቸዋል። የሕዝቡን ልብ የለወጠው ዓመፁ ሳይሆን ግድያው ነው፤ እንግሊዞች በሜይ ወር 15 ሰዎችን አንድ በአንድ በጥይት ገደሉ፣ በኦገስት ደግሞ የዓመፁን ተባባሪ ሮጀር ኬስመንትን ለንደን ላይ ሰቀሉ። የቆሰለውን ኮኖሊን መቆም ስላልቻለ ወንበር ላይ አስቀምጠው ነው የረሸኑት።

ድክመቱ ደግሞ ለዚህ ትልቅ ነገር አምስት ክፍል ማነሱ ነው። ከሦስቱ ሴቶች ሁለቱ በደንብ ሳይበስሉ ያልቃል። ከዓመፁ በኋላ ያለውን «ሬዚስታንስ» የተባለው የ2019 ተከታይ ሥራ ይቀጥለዋል፤ ሁለቱን አብሮ ማየት ይሻላል።

ሐሳብ እንዴት አብዮት እንደሚሆን፦ «የመንቃት ዘመን»

በ2021 የወጣ የቻይና ድራማ ነው፤ 43 ክፍል አለው። እዚህ ውስጥ ጦርነት የለም ማለት ይቻላል። ያለው መጽሔት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ክርክርና ሻይ ነው። እኔም መጀመሪያ ይህን ስሰማ ሊሰለቸኝ ነው ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር።

በ1915 ቸን ዱሹ «አዲስ ወጣት» የሚል ስም ያተረፈ መጽሔት ይጀምራል። የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጻይ ዩዋንፔይ እሱን የሥነ ጽሑፍ ክፍል ኃላፊ ለማድረግ ካረፈበት ቤት ደጅ ይጠናል። ሽማግሌው ምሁር የታናሹን ከእንቅልፍ መነሣት በትዕግሥት ሲጠብቅ ማየት፣ አንድ ዘመን ለሐሳብ የነበረውን አክብሮት ያሳያል። ክርክሩ ደግሞ በዕለት ተዕለት ቋንቋ እንጻፍ ወይስ በጥንቱ የምሁራን ቋንቋ የሚል ነው። በጥንቱ ቋንቋ የሚከራከሩት ሰዎች እንደ ቂል አልቀረቡም፤ የሚያሳምን ነገር ይናገራሉ። ይህ በአብዮት ድራማ ብርቅ ነው። ከዚያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተደረገው የቬርሳይ ጉባኤ ጀርመን በቻይናዋ የሻንዶንግ ግዛት የነበራትን ጥቅም ለጃፓን ሲሰጥ፣ በሜይ 4፣ 1919 ተማሪዎች ቤይጂንግ ላይ አደባባይ ይወጣሉ።

ቸን ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር የሚለያይበት ትዕይንት ከሁሉም ይበልጥ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ልጆቹ ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ሊሄዱ ነው፤ አባት ጀርባቸውን እያየ ይቆማል። ድንገት ጊዜው ይዘልና ልጆቹ በሰንሰለት ታስረው፣ በደም ተነክረው ወደ ሞት ሲሄዱ፣ ዞረውም ለአባታቸው ፈገግ ሲሉ እናያለን። አንዱ በ1927፣ ሌላው በ1928 ተገድለዋል።

አሁን ያንን የመጀመሪያ ጥያቄ እናንሣው። ድራማው የሚያልቀው በ1921፣ የቻይና ኮሚዩኒስት ፓርቲ ሲመሠረት ነው። የወጣውም ልክ በፓርቲው 100ኛ ዓመት ነው። ቸን ዱሹ የፓርቲው የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ነበር፤ በ1929 ግን ከፓርቲው ተባረረ፣ በ1942 ከፓርቲው ውጭ እንዳለ ሞተ። ይህን አያዩትም። ድራማው በተናገረው ውስጥ ትልቅ ሥራ ነው፤ ያቆመበት ቦታ ግን የተመረጠ ቦታ ነው። ሲያዩት ይህን ይያዙ፤ ካዩት በኋላም ስለ ቸን የመጨረሻዎቹ 20 ዓመታት ያንብቡ። ያኔ ያ የልጆቹ ስንብት ሌላ ክብደት ይኖረዋል።

በጥንቃቄ የሚታየው፦ «ትሮትስኪ»

የሩሲያው ቻናል ዋን በኖቬምበር 2017፣ የሩሲያ አብዮት 100ኛ ዓመት ላይ ያሳየው ስምንት ክፍል ድራማ ነው። ኮንስታንቲን ካቤንስኪ ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ የነበረውን ትሮትስኪን ሆኖ ይተውናል፤ ዐይን የሚያስነቅል ትወና አይደለም፣ ዐይን የሚይዝ ነው። ጥቁር ቆዳ ለብሶ፣ በጭስና በእሳት ውስጥ በሚገሰግስ የብረት ለበስ ባቡር ላይ ቆሞ ሲታይ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ያስቸግራል።

ይህ ግን የሰውን ስም ይዞ ሁነቱን የሚፈጥር ድራማ ነው። ታሪኩ የሚተረከው በ1940 ሜክሲኮ ላይ፣ ትሮትስኪን አንድ ጋዜጠኛ ነኝ ባይ ቤቱ እየመጣ ሲጠይቀው ነው። ይህ ጠያቂ ኋላ የሚገድለው ራሞን መርካደር ነው። በእውነቱ መርካደር ቤቱ የገባው ለትሮትስኪ ቅርብ ከሆነች ሴት ጋር ተወዳጅቶ፣ በሐሰት ስም ነው፤ እንደ ድራማው ስለ ሕይወቱ ሁሉ እየተሟገቱ አልተቀመጡም። በአብዮቱ ውስጥ የነበሩት ሚሊዮኖች ደግሞ ጠፍተዋል፤ ሁሉም ነገር ከአንድ ሰው ትዕቢትና ከውጭ በመጣ ገንዘብ የተወለደ ይመስላል። የዳቦው ሰልፍ፣ ጦርነቱ የፈጀው ወታደር፣ መሬት የጠማው ገበሬ የት ሄደ?

አንድ ጥሩ ነገር አለው። የትውልድ ስሙ ብሮንስታይን የነበረው ወጣቱ ኦዴሳ እስር ቤት ሳለ ትሮትስኪ ከሚባል ጠባቂ ጋር ይጋፈጣል፤ ኋላም የአሳሪውን ስም ለራሱ ይወስዳል። ስሙን በ1902 ከሳይቤሪያ ሲያመልጥ በሐሰተኛ ፓስፖርት ላይ መጻፉ የታወቀ ነው። እስረኛው የአሳሪውን ስም ለብሶ መውጣቱን ድራማው በሚገባ ሠርቶበታል። የሩሲያን አብዮት አስቀድሞ ያነበበ ሰው ይየው። ያላነበበ ሰው ከዚህ አይጀምር፤ ገና ያልያዘውን ታሪክ የሚያጣምም ነገር ነው። የወሲብና የጭካኔ ትዕይንትም ይበዛበታል።

በአጭሩ የማነሣቸው

«ቦሊቫር» ደቡብ አሜሪካን ከስፔን አገዛዝ ነፃ ለማውጣት ስለተዋጋው ስለ ሲሞን ቦሊቫር የተሠራ የ2019 የኮሎምቢያ ሥራ ነው፤ 60 ያህል ክፍል ስላለው ጽናት ይጠይቃል። ወጣቱ ሲሞን ሚስቱ በ1803 ካራካስ ላይ በቢጫ ወባ ስትሞትበት፣ ከዚያ ሐዘን ወደ ፖለቲካ የሚዞርበት ክፍል ጥሩ ነው። የሄይቲው ፕሬዚዳንት ፔቲዮን በ1816 ባሪያዎችን ነፃ እንዲያወጣ ቃል አስገብቶ መርከብና መሣሪያ የሰጠበትን ታሪክ የማያውቅ ሰው ስለ ላቲን አሜሪካ ነፃነት ግማሹን አያውቅም፤ ድራማውን ከማየትዎ በፊት ይህን ቢያነቡ ይጠቀማሉ። ቦሊቫርም በ1830 በ47 ዓመቱ የሞተው የመሠረታት ታላቂቱ ኮሎምቢያ እየፈረሰች ሳለ ነው።

«ተርን» ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ሰላዮች ነው፤ 4 ምዕራፍ፣ 40 ክፍል። የስለላ ታሪክ የሚወድ ሰው ይደሰትበታል። የሰላዮቹ ቡድን እውነት ነው፤ የፍቅሩ ታሪክ ግን ፈጠራ ነው።

የፈረንሳይን አብዮት ፈልጎ «ላ ሬቮሉሲዮን» የሚባለውን የ2020 ሥራ የሚከፍት ሰው ግን ይጠንቀቅ። የመኳንንቱን ደም ሰማያዊ የሚያደርግ በሽታን የሚተርክ የአስፈሪ ታሪክ ነው። የባስቲል እስር ቤትን መወረር አይጠብቁበት።

ምርጫው ላይ ሲደርሱ

ከማን ጋር እንደሚያዩ ያስቡ። ከታዳጊ ልጆች ጋር ከሆነ «የመንቃት ዘመን» ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ደሙ ጥቂት፣ የሚያወያየው ብዙ ነው። ከትልቅ ሰው ጋር፣ በተለይ በሥራ ላይ ሥልጣን ይዞ ከለቀቀ ሰው ጋር ከሆነ «ጆን አዳምስ»ን ይያዙ፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ክፍል ላይ ለብቻው የሚያየው ነገር ይኖረዋል። ብቻዎን ከሆኑና ለማልቀስ የማይፈሩ ከሆነ «የማሾ አበባ»ን።

የትርጉም ጽሑፍ ማንበብ የሚከብዳቸው አሉ። ለእነሱ የምመክረው የቻይናውን መተው ነው፤ ንግግሩ ፈጣን፣ ስሙ ብዙ፣ ጥቅሱ ተደራራቢ ነው። የኮሪያው ግን ፊትና እጅ ብዙ ይናገራል፤ ቃል ቢያመልጥዎ ታሪኩ አያመልጥዎትም።

አንድ ድራማ ይዞዎት እንደሆነ ለመፈተን የመጀመሪያው ክፍል አይበቃም። የመጀመሪያው ክፍል ገንዘብ የፈሰሰበት ነው፤ ሁሉም ያምራል። ሦስተኛውን ይዩ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ከተቃራኒው ወገን አንድ ሰው ስም፣ ቤተሰብና ምክንያት ያለው ሆኖ ካልቀረበ፣ ከዚያ በኋላም አይቀርብም። «ትሮትስኪ» ላይ ይህን ፈልጌ አጣሁ፤ «የማሾ አበባ» ላይ ገና ከመነሻው አገኘሁት።

ሁለት ማየት የሚችል ሰው ደግሞ አንዱን የሚነሡበትን፣ አንዱን የሚኖሩበትን ይምረጥ። እኔ ዛሬ እንደ አዲስ ብጀምር መጀመሪያ «የማሾ አበባ»ን አይቼ፣ ኡግምቺን ካለፍኩ በኋላ ሁለት ሳምንት አርፌ፣ ከዚያ «ጆን አዳምስ»ን ከአራተኛው ክፍል ጀምሬ እስከ መጨረሻው አያለሁ። ኮረብታው ላይ የወደቁት ገበሬዎች ያላገኙትን ማግስት፣ ያገኘው ሰው ምን እንዳደረገበት የሚታየው እዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ከዚያ በኋላ ተመልሼ አያቸዋለሁ፤ ፊላደልፊያ ላይ ያለው ያ ዝምታም ያኔ ከበፊቱ ይልቅ ይረዝምብኛል።